የግራው እጅጌ

ጥቅምት 8

ለልጄ ለመርፌ፣

እንዴት ከርመሻል። እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ሦስት ቦታ «እግርህስ?» ብለሽ ጽፈሻል፤ ሦስት ቦታ መመለስ ስለማልችል እዚህ አንዴ ልመልስልሽ። መቀስ ወድቆበት ነው። ትልቁ መቀስ፣ ካፖርት የምቆርጥበት። አውራ ጣቴን አገኘው፣ ቆሰለ፣ ይድናል። የስኳሩንም ኪኒን እውጣለሁ። ስለ እግሬ ጨረስን።

ስልክ አትደውዪልኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የሚጮኸው አንቺ ትሁኚ መኪና ይሁን አይለይልኝም። «እሺ፣ እሺ» እያልኩ እዘጋዋለሁ፤ ከዚያ ምኑን እሺ እንዳልኩ ሳስብ እውላለሁ። ደብዳቤ ይሻላል። ደብዳቤ ቀስ ብለው ቢያነቡት አይቆጣም። እናትሽ በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ ለዚህ ነው። እጄ ግን እንደምታዪው ነው፣ ክር እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ አትሳቂብኝ።

የምታስተምሪውን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ ልጅ ሆነን ሁለት ሰው ሲከራከር «ዝም በሉ» ነበር የምንባለው፤ አንቺ ደሞዝ እየበላሽ «ተከራከሩ» ትያለሽ። ይሁን። ተማሪዎቼን እንደ ፓርላማ ፊት ለፊት አስቀምጣቸዋለሁ፣ አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ «ደግፌዋለሁ» የሚል ሌላ ሰው ካልተገኘ ሐሳቡ እዚያው ይወድቃል ያልሽው ገብቶኛል። እውነት ነው። እኔም እናትሽ ከሞተች ወዲህ የሚደግፈኝ ስለሌለ ሐሳቤ ሁሉ እዚሁ ሱቅ ወለል ላይ ከጨርቅ ቁርጥራጩ ጋር ይወድቃል። እሷ ብትኖር ደግሞ አፈ ጉባኤዋ እሷ ነበረች፤ ዕድሜ ልኬን እጄን ባወጣም ዕድል አልሰጠችኝም።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ያለ ሰው የማንንም ንግግር ያስቆማል ያልሽው ደስ ብሎኛል። ይዤዋለሁ፣ አንድ ቀን እጠቀምበታለሁ። ያለቀ ነገር «እንደገና ይታይልኝ» ማለት የሚችለው ካሸነፈው ወገን የሆነ ሰው ብቻ ነው፣ የተሸነፈ አይችልም ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ያሸነፈ ሰው ምን ጎድሎበት ነው እንደገና ይታይልኝ የሚለው? ይሄን ሕግ ያወጣው ሰው ክርክር አሸንፎ አያውቅም።

ደግሞ አንድ ነገር። በየክርክሩ «አንድ ተአቅቦ»፣ «ሁለት ተአቅቦ» ትያለሽ። ተአቅቦ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሉሽ? ወይስ አንዱ ልጅ ነው እየተመላለሰ የሚያስቸግርሽ? ካስቸገረሽ ወላጁን አስጠሪ።

ለአፈ ጉባኤ የምትሆነው ልጅ ካባ ስፋልኝ ያልሽውን ጀምሬዋለሁ። ጨርቁ ጥቁር ሱፍ ነው፤ ገበሩን ቀይ አደርገዋለሁ፣ ስትነሳና ስትቀመጥ ብልጭ እንዲል። የትከሻዋን ልክ ጽፈሽ የእጅጌዋን ረስተሻል። የሰፊ ልጅ ሆነሽ እጅጌ ትረሻለሽ? ቶሎ ላኪልኝ።

በሹፌሩ በፍሬቻ እልከዋለሁ። እሱ እንደሆነ ወደ ግራ አሳይቶ ወደ ቀኝ መታጠፉን አልተወም፤ አውቶቡሱ ግን እስካሁን አልተገለበጠም።

አባትሽ


ጥቅምት 27

አባዬ፣

ካባው ደረሰ። ልጆቹ ከእጄ ነጥቀው ነው የለበሱት። አንደኛዋ ለብሳው ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ክፍሉ ሳላዝ ጸጥ አለ። እኔ ጮኼ ያላገኘሁትን ጸጥታ አንተ በጨርቅ ሰጠኸኝ። እጅህን ይባርከው።

ልጆቹ ሲወጡ ካባውን ገልብጬ አየሁት። ልብስ ከውስጥ በኩል ነው የሚታየው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የቀኙ እጅጌ በመኪና የተሰፋ ነው፣ ቀጥ ያለ። የግራው በእጅ ነው። ከብብቱ እስከ አንጓው ድረስ በመርፌ፣ አንድ በአንድ። ያምራል፤ ማንም አያውቀውም። ግን አባዬ፣ አንተ እጅጌ በእጅ ሰፍተህ አታውቅም። ፔዳሉን መርገጥ ያቃተህ ቀኙን ጨርሰህ ግራውን ልትጀምር ስትል ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የጤና ጣቢያዋን ነርስ፣ አብራኝ የተማረችውን፣ በስልክ ጠየቅኳት። አትቆጣት፤ አስጨንቄ ነው ያናገርኳት። ጣትህ መጥቆሩን፣ ሆስፒታል እንደላከችህ፣ እዚያ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ እንዳሉህ፣ አንተም ከአልጋው ወርደህ በሆስፒታሉ ነጠላ ጫማ ውልቅ ብለህ እንደወጣህ ነገረችኝ። ካልተቆረጠ መርዙ ደምህ ውስጥ ይገባል አለች። ስንት ጊዜ አለው ብዬ ጠየቅኳት። ሳምንታት አለች እንጂ ወራት አላለችም።

ተመለስ አባዬ። እባክህ። እግርህን አውቀዋለሁ፣ ከመኪናዋ ስር ቁጭ ብዬ ያደግኩት እኮ እሱን ሳይ ነው። ግን ተመለስ።

እኔ መምጣት አልችልም። ለምን አትበለኝ፤ አሁን ልነግርህ አልችልም።

ተአቅቦ የልጅ ስም አይደለም። ድጋፍም ተቃውሞም ሳይሰጥ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ድምፅ ነው።

ልጅህ


ኅዳር 3

ለመምህርት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታውን ዝለይው።

ሰው የተላከለትን ልብስ ይለብሳል እንጂ ገልብጦ ምርመራ አያካሂድም። ያቺን ነርስም ሰላም በይልኝ አልልሽም። ነጠላ ጫማውን በሰው መልሼ ልኬያለሁ፤ ሌባ እንዳትሉኝ።

አዎ፣ ጠቁሯል። አዎ፣ ይቆረጥ ብለዋል። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና አልሞላም። እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጉልበቴ በታች በእስክሪብቶ አሰመረብኝ፤ እኔ ጨርቅ ላይ በሳሙና ስባሪ እንደማሰምረው፣ ልክ እንደዚያው።

«እዚህ ጋ ነው አባባ» አለኝ።

«ስትሳሳት ጨርቁን ትቀይራለህ?» አልኩት።

አልገባውም። እኔ ካሰመርኩ በኋላ መቀሴን አስቀምጬ ትንሽ ቆሜ አያለሁ። እሱ አልቆመም፤ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። ቤት ገብቼ መስመሩን አሸት አሸት አደረግኩት፤ አልለቅም ብሎኛል።

እናትሽን በዚያው በር ነው ያስገባኋት። በእግሯ ነው የገባችው፣ እየቀለደችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ እስክወጣ ምሳህን ብላ፤ ፊትህ ከኔ በላይ በሽተኛ መስሏል» አለችኝ። በላሁ። ስመለስ ጫማዋን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። አንቺ ለቀብር ነው የደረስሽው፤ ፌስታሉን አላየሽም። ሱቄ ውስጥ ከካውያው በላይ ተሰቅሏል። ደንበኞች ምንድነው ሲሉኝ የሚጠገን ነው እላለሁ። እኔ ጫማዬን በፌስታል ለማንም አላሸክምም።

ደግሞስ እግሬ ከሄደ ምን ልሠራ ነው? መኪናዋ የእግር ናት። ቀኝ እግሬ ነው የሚያውቃት፤ እኔ እንኳ ሳላስብ እሱ ይረግጣል። ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚው ከንፈር እንዲመጥልኝ ነው የምትፈልጊው? ሁለት እግር ይዤ ልሙት። ይሄ የመጨረሻ ቃሌ ነው።

መምጣት አልችልም፣ ለምን አትበለኝ አልሽ። እሺ፣ አልልም። ለአባቷ እግር ያልመጣችን ሰው ለምን እያልኩ አልለምንም። ሥራሽን ሥሪ።

አባትሽ

ተአቅቦ ገብቶኛል። ሌላው እጁን ሲያወጣ አጣጥፎ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ወላጁን አስጠሪ ያልኩሽ ልክ ነበርኩ።


ኅዳር 10

መርፌ፣

የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ።

ትናንት ፍሬቻ አውቶቡሱን ሱቄ በር ላይ አቆመ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

«አባባ፣ እግርህ ፓርላማ ገባ አሉ» አለኝ።

«የማን እግር?»

«ያንተ ነዋ። ልጅህ ክፍል ውስጥ አከራከረችበት። ይቆረጥ፣ አይቆረጥ ተብሎ እጅ ወጣ። የእህቴ ልጅ አንተን ሆና ተከራከረች፤ ሳልህ ሳይቀር።»

«እና ማን አሸነፈ?»

«እሱን መምህሯ ትጻፍልህ። እኔ ሹፌር ነኝ» አለና ወደ ግራ አሳይቶ ወደ ቀኝ ሄደ።

ስሜን አልጠራሽ ይሆናል። «አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ» ብለሽ ይሆናል። ያቺ ወንበር ላይ ያለችው ልጅ የለበሰችው የማንን ካባ መሰላት? በሰፋሁት ካባ ታጅቦ በኔው እግር ላይ እጅ ይወጣል? ባለ እግሩ ሳይጠራ፣ ሳይሰማ፣ ይሄ በየትኛው ሥነ ሥርዓት ነው? አንቺው ነሽ ሰው ሳይናገር አይፈረድበትም ብለሽ የጻፍሽልኝ። እኔ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ አንቺ የት ጣልሽው?

ተናድጄ አላውቅም እንደዚህ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ። በንዴት ይሁን በትኩሳት አላውቅም።

ጥቁረቱ ከጣቶቼ አልፏል። መስመሩ ጋ አልደረሰም፤ መስመሩ ራሱ ደብዝዟል፣ ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። ሽታ ሳይኖረው አይቀርም፤ አንዲት ሴትዮ ቀሚሷን ሳትለካ ይዛ ሄደች፣ በሩ ላይ ደርሳ ነው የተነፈሰችው። ይሄን የምጽፍልሽ ስለጠየቅሽኝ ነው እንጂ ነይ ማለቴ አይደለም።

ፍሬቻ ሌላም ነገር አምልጦታል። መምህሯ ተቀምጣ ነው አሉ የምታስተምረው፣ ከወንበሯ አትነሳም አለ። አንቺ ከተወለድሽ ቁጭ ብለሽ አታውቂም፤ መርፌ ያልኩሽ እኮ የትም ስለምትገቢ ነው። ምን ሆነሽ ነው የምትቀመጪው? አንቺም የግራ እጅጌ አለሽ እንዴ?

ውጤቱን ጻፊልኝ። ጓጉቼ አይደለም።

አባትሽ


ኅዳር 14

አባዬ፣

የሥነ ሥርዓት ጥያቄህ ተቀባይነት አግኝቷል። ለክፍሉ አነበብኩላቸው። ባለ ጉዳዩ ሳይሰማ ድምፅ መሰጠቱ ስህተት ነው፤ ስህተቱም የኔ እንጂ የልጆቹ አይደለም። ይቅር በለኝ።

ልጆቹ ስለ ደንብ ልብስና ስለ ሰልፍ መከራከር ሰልችቷቸው «እውነተኛ ነገር ስጪን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ካንተ እግር ሌላ ምንም አልነበረም። ይቆረጥ ብለው እንደሚወስኑ እርግጠኛ ነበርኩ። ውሳኔያቸውን ልልክልህ ነበር፤ ለኔ እምቢ ያለ ለነሱ እሺ ይል ይሆናል ብዬ። ሌላ ዘዴ ጠፋኝ አባዬ።

ተሸነፍኩ። አንተ አሸነፍክ። ያቺ የፍሬቻ እህት ልጅ፣ እኛ ጠበቃዋ ነው የምንላት፣ ያንተን ወገን እንድትይዝ ደብዳቤህን አንብቤላት ነበር። ተነስታ በራስህ ቃል ተናገረች። ሐኪሙ ሳይቆም ወደሚቀጥለው አልጋ መሄዱን አልረሳችም። ፌስታሉ ጋ ስትደርስ «ይቆረጥ» ሲሉ የነበሩት ራሳቸው አቀረቀሩ። እጅ ሲወጣ አብዛኛው አይቆረጥ ሆነ። ሁለት ተአቅቦ። እኔ አወያይ ነኝ፣ ድምፅ የለኝም። ውሳኔውን አነበብኩ፣ መዶሻውን መታሁ፤ ልጆቹ ሲያጨበጭቡ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ልደብቅህ አስቤ ነበር። ተቃራኒውን ጽፌ ልልክልህም አስቤ ነበር። ግን ዓመቱን ሙሉ ድምፅ አይሰረቅም እያልኩ ነው የማስተምረው።

ለምን እንደምቀመጥ ጠይቀኸኛል። ነፍሰ ጡር ነኝ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ያልነገርኩህ ፈርቼ ነው። እናቴን ቀብሬ ስመለስ እዚያ መንገድ ላይ፣ በፍሬቻ አውቶቡስ ውስጥ፣ የፊተኛውን ጽንስ እንዳጣሁ ታውቃለህ። አሁንም ሐኪሟ ብዙ አትቁሚ፣ ያን መንገድ በሕልምሽም እንዳትሄጂው ብላኛለች። የማልመጣው ለዚህ ነው። «ለአባቷ እግር ያልመጣች» አልከኝ። አንብቤ አጥፌ አስቀመጥኩት።

የምለው አለቀብኝ። የተሸነፈ ወገን እንደገና ይታይልኝ ማለት አይችልም። እኔማ ወገን እንኳ የለኝም።

ልጅህ


ኅዳር 17

ለልጄ ለመርፌ፣

እንዴት ነሽ። እንዴት ናችሁ ልበል እንጂ።

«ለአባቷ እግር ያልመጣች» ያልኩትን አውጪው። ደብዳቤውን ሁሉ አትቅደጂ፤ ያቺን መስመር ብቻ በመቀስ ቁረጪያት። አቆራረጥ አሳይቼሻለሁ።

አሸነፍክ አልሽኝ። ደብዳቤሽን ይዤ መኪናዋ ፊት ተቀመጥኩና ደስ እስኪለኝ ጠበቅኩ። ደስታው አልመጣም። ተቆረጥ የሚለኝ ሰው አለቀ፤ ነርሷ ተቀይማኛለች፣ ሐኪሙ ረስቶኛል፣ አንቺ ተሸንፈሻል። ከእግሬ ጋር ብቻችንን ቀረን። ፈራሁ፣ መርፌዬ። ስሟገት የቆየሁት ለካ የሚሟገተኝ ስለነበረ ነው። ያ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ተአቅቦ እኔው ነበርኩ፤ አልሄድም ብዬ ሳይሆን የሚጎትተኝ እየጠበቅኩ ነበር። ይሄን ለልጆቹ ስታነቢ ዝለይው።

ከዚያ ሁለተኛውን ገጽሽን ደግሜ አነበብኩት። ሰባተኛ ወር። እኔ ብሞት ትመጫለሽ። አውቅሻለሁ። ሐኪሟ ብትቆጣ፣ ባልሽ በሩ ላይ ቢተኛ፣ ትሳፈሪያለሽ። ያንኑ መንገድ። ፍሬቻም እምቢ አይልሽም፤ እያለቀሰ ይጭንሻል። ሁለት እግር ይዤ ልሙት ስል ከእግሬ ጋር ማንን ይዤ እንደምሄድ አላየሁም ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ለክፍሉ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ጠበቃዋ ፊት ትቀመጥ።

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ እኔ ባለ እግሩ ነኝ። ባለፈው ስላልጠራችሁኝ አሁን ሳልጠራ መጥቻለሁ። ጠበቃዬ ከኔ የተሻለ እንደተናገረች ሰምቻለሁ፤ ሱሪ ካስፈለጋት እሰፋላታለሁ። በሕጋችሁ ያለቀ ጉዳይ እንደገና ይታይልኝ ማለት የሚችለው ካሸነፈው ወገን የሆነ ሰው ነው። እኔ አሸንፌያለሁ። መምህራችሁ በእጇ ጽፋልኛለች፣ መዶሻም ተመትቷል። ማንም አልረታኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ካሸነፈው ወገን ሆኜ፣ እጄን አውጥቼ፣ ጉዳዩ እንደገና ይታይልኝ እላለሁ። በክርክሩ ያልቀረበ ነገር ስላለ ነው። ምንድነው ብላችሁ መምህራችሁን አታስጨንቋት፤ ወንበሯን ብቻ አደላድሉላት።

ይሄን ሕግ ያወጣው ሰው ክርክር አሸንፎ አያውቅም ብዬ ነበር። ቃሌን አንስቻለሁ። ያ ሰው አንድ ግትር ሽማግሌ በቅርብ ሳያውቅ አልቀረም።

ደጋፊ ካልተገኘ ይወድቃል ብለሻል። አንቺ አወያይ ነሽ፣ አትችዪም። እናትሽ የለችም። ሆድሽ ውስጥ ያለው ይደግፈኝ። እጁን ማውጣት ባይችል እግሩን ያነሳል፤ ሲራገጥ ተደግፏል ብለሽ መዝግቢልኝ።

ውጤቱን አልጠብቅም፤ ምክር ቤቱ ይቅርታ ያድርግልኝ። ይሄን የምጽፈው ሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ያ ልጅ ሐኪም መጣና መስመሩን እንደገና አሰመረ፣ ከፊተኛው ከፍ አድርጎ።

«በጣም ዘገዩ አባባ» አለኝ።

«ምክር ቤት ጉዳይ ነበረኝ» አልኩት።

ጉልበትዎን ላተርፍልዎት እሞክራለሁ አለ፤ ቃል ግን አልሰጠኝም። ልቤንም አዳምጦ አንገቱን ነቀነቀ። ይሄኛውን ልደብቅሽ ነበር፤ አንቺ ግን ገልብጠሽ ታያለሽ። የዛሬው ልዩነት ካሰመረ በኋላ እስክሪብቶውን ኪሱ አስገብቶ ትንሽ ቆሞ ማየቱ ነው። እሱን አይቼ ነው ፈርሜ የሰጠሁት።

ፍሬቻ ነው ያመጣኝ። ጫማዬን እሱ ይዞታል፤ በፌስታል አይደለም፣ በእጁ። አንዱን ልጣለው ወይ ብሎ ሊቀልድ ጀምሮ አፉ ውስጥ ቀረበት። የእናትሽንም ከተሰቀለበት አውርጄ አቧራውን ጠርጌ ቤት ከአልጋዬ ስር አስቀምጬዋለሁ። ስለኔ የሚጻፍልሽ ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ከወንበርሽ እንዳትነሺ። ይሄ ልመና ነው፤ ድምፅ አይሰጥበትም።

ከቤት ከመውጣቴ በፊት መኪናዋ ላይ ተቀምጬ በግራ እግሬ ሞከርኳት። ወደ ኋላ ሄደችብኝ፣ ክር በጠሰች። እንደገና ረገጥኳት። ቀጥ ባትልም ሄደች።

ያንን የግራ እጅጌ ከካባው ፍቺና አቆዪልኝ። በመኪና እሰፋዋለሁ።

አባትሽ